ደልፊያ ክረም እንግዳ ፊት አታማርርም

ሌላው ሰው መንግሥትን የሚያታልለው ሳይታመም ታምሜያለሁ ብሎ ነው። አክስቴ ደልፊያ ክረም ግን በሰማንያ ስድስት ዓመቷ፣ ግድግዳ ሳትይዝ ከመኝታ ቤት እስከ ኩሽና መድረስ ተስኗት ሳለ፣ ደህና ነኝ ብላ አታለለች። ይኼን ስጽፍ እንኳ ደሜ ይፈላል።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር። እኔ ትዋይላ እባላለሁ፣ የእህቷ ልጅ ነኝ። እናቴ ስትሞት ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ያሳደገችኝ ደልፊያ ናት። ባሏ ኤልዛ ከሰል ቆፋሪ ነበር። እሷ በሸሚዝ ፋብሪካ ሃያ ስድስት ዓመት ኮሌታ ስትሰፋ ኖረች። ልጅ አልወለዱም። የእሷ ቤት ሃክል ክሪክ የሚባለው ሸለቆ መጨረሻ ላይ ነው፣ ከዚያ ወዲያ ያለው የአፓላቺያ ተራራ ብቻ ነው። እኔ ከሸለቆው አፍ ላይ፣ በመኪና አሥራ ሁለት ደቂቃ ርቄ እኖራለሁ። ሥራዬ የትምህርት ቤት አውቶቡስ መንዳት ነው። ጠዋት ልጆቹን አድርሼ ወደ እሷ፣ ከሰዓት በኋላ ልጆቹን መልሼ እንደገና ወደ እሷ። አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ ተመላለስኩ።

በሸለቋችን ሰው አልጋ ሲይዝ ከሐኪም በፊት የምትጠራው ደልፊያ ነበረች። ስንቱን ገላ አጥባለች፣ ስንቱን ሽማግሌ አገላብጣለች፣ የስንቱን አንሶላ ቀይራለች። የሰው ገመና አይታ ለማንም ተንፍሳ አታውቅም። የራሷን ግን ማንም እንዲያይ አትፈልግም። የእግር ጥፍሯን ለመቁረጥ እንኳ ስለምናት ግማሽ ሰዓት ይፈጅብኛል።

በዚህ ምድር ላይ የምትፈራው አንድ ነገር ነው፤ መጦሪያ ቤት። ሰባት ዓመቷ ሳለ አያቷን ወረዳው ለድሆች ወዳሠራው ቤት ሲወስዷቸው አይታለች፣ በጭነት መኪና ኋላ፣ ከኩሽና በወጣ ወንበር ላይ ተቀምጠው። እዚያው ሞቱ። መቃብራቸው ላይ ያለው ቁጥር እንጂ ስም አይደለም። "የዛሬዎቹ እኮ እንደዚያ አይደሉም፣ ቴሌቪዥን አላቸው፣ ቢንጎ ያጫውታሉ" ብላት፣ "ቢንጎ ድሮም አልወድም" ብላ ፊቷን አዞረችብኝ።

ጉልበቷ እየከዳት፣ ጣቶቿ እየተቆለመሙ ሲሄዱ አንድ ነገር ሰማሁ። መንግሥት ለድሆች የሚሰጠው የጤና ሽፋን አቅም የሌለውን አዛውንት መጦሪያ ከማስገባት ይልቅ ቤቱ ድረስ ሰው የሚልክበት ፕሮግራም አለው። የምታጥብ፣ የምታለብስ፣ ምግብ የምታቀርብ ሴት በሳምንት ሃያ ምናምን ሰዓት ትመጣለች። ለመንግሥትም ከመጦሪያው ይረክሳል፣ ለአዛውንቱም ከገዛ በረንዳው አይነቅለውም። ደስ አለኝ። ደስታዬ የቆየው ደንቡን እስካነብ ነው። መጦሪያ ላለመግባት፣ መጦሪያ የሚያስገባ ድካም እንዳለብሽ ማሳየት አለብሽ። ገምጋሚ ነርስ ቤት ትመጣለች፣ ብቻሽን ትታጠቢያለሽ ወይ፣ ትለብሻለሽ ወይ፣ ትበያለሽ ወይ እያለች ትጠይቃለች። ከተዘረዘሩት ቢያንስ በአምስቱ አቅም ማነሱ ካልታየ በሩ ዝግ ነው። ደልፊያ ከአምስት በላይ ነበራት። እኔ በእጄ እቆጥረው ነበር።

ጥፋቱ ከእኔ ጀመረ። "ሐሙስ ጠዋት አንዲት ሴት ከመንግሥት ትመጣለች" ብዬ ነገርኳት። እንግዳ ይመጣል ማለቴ መሆኑ አልገባኝም። በእኛ ሸለቆ እንግዳ ሲመጣ ወለል ይታጠባል፣ የክት ልብስ ይወጣል፣ የሚበላ ነገር ይቀርባል። እንዴት ነሽ ብሎ ለጠየቀ እንግዳ ደግሞ መልሱ አንድ ነው። ሰው እየሞተ እንኳ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ አላማርርም" ይላል። እንግዳ ፊት መታመም ነውር ነው።

ሐሙስ ልጆቹን አድርሼ ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ ስደርስ ነርሷ ቀድማኛለች። ታማራ ፕሩት ትባላለች፣ ሠላሳ አምስት ቢሆናት ነው፣ ትሑት ሴት። ወለሉ ያበራል። ተደግፋ የምትሄድበት መራመጃ ብረት የለም፤ በኋላ ጓዳ ውስጥ፣ ከመጥረጊያው ጀርባ ቆሞ አገኘሁት። አክስቴ የፋሲካ ቀሚሷን ለብሳ፣ ከንፈሯን ቀብታ፣ ጠረጴዛው አጠገብ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ጠረጴዛው ላይ በየድርቡ የደረቀ ፖም የተቀባ ሰባት ድርብ ኬክ አለ። ለካ ከማክሰኞ ጀምሮ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ በቀን ሁለት ሦስት ድርብ እያደረገች ጋግራዋለች። ነርሷ ሁለተኛውን ቁራሽ ይዛለች።

"ገላዎን ያለ ሰው እርዳታ ይታጠባሉ?" አለቻት።

"ምን ዓይነት ጥያቄ ነው የኔ ልጅ? እናታችን ሳንታጠብ ከቤት አታስወጣንም ነበር።"

ነርሷ ጻፈች። እኔ አፌን ከፈትኩ።

"ትዋይላ፣ ለእንግዳችን ቡና ጨምሪላት እንጂ!" አለችኝ። ድምፅዋ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ መለሰኝ፤ ተነስቼ ጨመርኩ።

"ሽንት ያመልጥዎታል?"

"እኔ ምንም ነገር አምልጦኝ አያውቅም።"

"እሳት ቢነሳ ብቻዎን ከቤት መውጣት ይችላሉ?"

"አልወጣም።"

"ማለት፣ አይችሉም?"

"ቤቴን ጥዬ የት ልሂድ? ቆሜ አጠፋዋለሁ እንጂ!"

ነርሷ ትንሽ አሰበችና "አይችሉም" የሚለው ላይ ምልክት አደረገች። በዚያ ቀን ያገኘነው እሱን ብቻ ነው። እሱንም ያገኘነው በእልኸኝነቷ ነው።

መኪናዋ ድረስ ተከትያት ሄድኩ። "ያየሽው ሁሉ ውሸት ነው! ቅዳሜ ቅዳሜ የማጥባት እኔ ነኝ። ጫማዋን የማስራት እኔ ነኝ" አልኳት።

"የእርስዎንም ቃል እጽፈዋለሁ" አለችኝ። "ግን እሳቸው ራሳቸው አፋቸውን ሞልተው እችላለሁ ሲሉ፣ ኬክ ጋግረው ሲጠብቁኝ፣ ምን ላድርግ? ቅጹ ላይ 'ኩሩ ናቸው' የሚል ቦታ የለም።"

ከሦስት ሳምንት በኋላ ደብዳቤው መጣ። በመልካም ሁኔታ ላይ ስለሚገኙ ለፕሮግራሙ ብቁ አይደሉም ይላል። ብትናደድ ምን ነበረበት! ደልፊያ ክረም ደብዳቤውን ፍሪጁ ላይ ለጠፈችው። ለጸሎት ቤታችን ሰባኪም ስልክ ደውላ አነበበችለት።

"አየሽ?" አለችኝ። "መንግሥት ራሱ ደህና ነሽ አለኝ። አንቺ ነሽ የምታሟርቺብኝ።"

"አክስቴ፣ ይኼ እኮ የምስክር ወረቀት አይደለም! አንረዳሽም ነው የሚለው!"

"ማን እርዱኝ አለ?"

ያን ጊዜ ክፉ ነገር ተናገርኩ። ኤልዛን አነሳሁባት። ኤልዛ ሳንባውን የከሰል አቧራ ሞልቶት፣ የካሣ ገንዘብ እንዲፈቀድለት ሐኪም ሊመረምረው የተቀጠረ ቀን፣ ጠዋት ተነስቶ እንጨት ፈለጠ። ጢሙን ተላጨ። ሐኪሙን "አልፎ አልፎ ትንሽ ያስለኛል" አለው። ካሣው ተከለከለ። ዘጠኝ ዓመት እያቃሰተ ኖሮ ሞተ፤ ደልፊያ ዘጠኙንም ዓመት ስትነተርከው እኔ ሰምቻለሁ።

"ለሐኪሙ እውነቱን ብትነግረው ምን ነበረ እያልሽ ስንት ዓመት ቆሰቆስሽው? አሁን አንቺ ያደረግሽው ከሱ በምን ይለያል?"

"ኤልዛ የታመመ ሰው ነበር" አለችኝ። "እኔ ያረጀሁ ነኝ።"

ከዚህ ወዲያ ምን ይባላል? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው ተረት ለእሷ አይሠራም፤ እሷ መድኃኒቱን ራሱ ደብቃ ከመጥረጊያው ኋላ የምታቆም ሴት ናት። በሩን ወርውሬ ወጣሁ።

ቅጠል ሲረግፍ ወደቀች። ከሰዓት በኋላ ስመለስ ኩሽናው ወለል ላይ አገኘኋት። ለአራት ሰዓት ያህል እዚያ ወድቃ ነበር። የግራ እጇ አንጓ ተሰብሯል። በደህናው እጇ የጠረጴዛውን ልብስ ስባ እግሮቿ ላይ ጣል አድርጋለች፣ ቀሚሷ ስለተገለበ። ምን ሆነሽ ብላት "ወለሉ እርጥብ ነበር፣ አንሸራተተኝ" አለች። ስንት ጊዜ ወለል አትጠቢ ብዬሻለሁ ብዬ እዚያው ወለሉ ላይ እንዳለች ተቆጣኋት።

ሆስፒታሉ እጇን በጀሶ አሰረና፣ ሦስተኛው ቀን ላይ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛዋ ጠራችኝ። "ብቻቸውን ወደሚኖሩበት ቤት አንልካቸውም። መጦሪያ ቤት ነገ አልጋ አለ" አለችኝ።

"ማነው የሚከፍለው?"

"ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሽፋኑ። ችግር የለም።"

ችግር የለም! ጨርቄን ልጥል ምንም አልቀረኝ። አልጋውንም፣ ሦስት ጊዜ ምግቡንም፣ የቀንና የሌሊት ነርሱንም በአንድ ስልክ፣ በአንድ ቀን ይከፍላሉ። ፎጣ ይዛ ቤቷ ድረስ ለምትመጣ ለአንዲት ሴት ግን ቅጽ፣ ግምገማ፣ ደብዳቤ፣ ይግባኝ። ደልፊያ አልጋው ላይ ሆና እጄን ያዘች። እሷ የሰው እጅ የምትይዘው ያ ሰው ሲሞት ነው፤ ደነገጥኩ።

ከሥራዬ ያለ ደመወዝ የአራት ሳምንት ፈቃድ ወሰድኩ። "ወደ ቤቷ እወስዳታለሁ፣ እኔ አብሬያት እሆናለሁ" ብዬ ፈረምኩ። በዚያው ቀን አዲስ ግምገማ ጠየቅኩ። ቀጠሮው የተሰጠን በአራተኛው ሳምንት ሐሙስ ነበር። ሰኞ እኔ ወደ አውቶቡሴ እመለሳለሁ። ሐሙስ ካልተሳካ፣ ሰኞ ደልፊያ መጦሪያ ቤት ትገባለች። ይኼንን ፊት ለፊት ነገርኳት። ሰማችኝ።

"እንግዲህ" አልኳት፣ "በጣም የከፋብሽን ቀን ነው የምትነግሪያት። ጥሩውን ቀን አይደለም።"

"እንግዳ ቤቴ ጠርቼ ሙሾ ላውርድ?"

"እንግዳ አይደለችም!"

"በሬን አንኳኩታ ከገባች እንግዳ ናት።"

መጋገር ከለከልኳት። የፋሲካ ቀሚሷን ደበቅኩት። መራመጃውን መሃል ቤት አቆምኩት። ረቡዕ ማታ የበላንበትን ሳህን ሆን ብዬ ሳላጥብ ተውኩት፣ ቤቱ አቅም የሌለው ሰው ቤት መስሎ እንዲታይ። ጠዋት ስነሳ ሳህኑ ታጥቦ ተደርድሯል። በአንድ እጇ! ሁለተኛውንም አንጓዋን ጀሶ ባደረጉልኝ ብዬ ተመኘሁ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ነርሷ ታማራ መጣች። ገና ኮቷን ሳታወልቅ፣ "ዛሬ ከእሳቸው ጋር ብቻዬን ብነጋገር ደስ ይለኛል" አለችኝ።

"እኔ ከወጣሁማ አለቀ! ደህና ነኝ ብላ ትሸኝሻለች!"

"ባለፈው ደህና ነኝ ያሉት እርስዎ ባሉበት ነው" አለች፣ በትሕትና።

ወደ በረንዳው ወጣሁ። በሩ ተዘጋ። ግን የኩሽናው መስኮት ኤልዛ ከሞተ ጀምሮ በደንብ ገጥሞ አያውቅም፤ ከበረንዳው ጥግ ሁሉም ይሰማል። አውቄ እዚያ ጥግ ቆምኩ።

"ልጅቷ ወጣች?" የሚል የአክስቴን ድምፅ ሰማሁ።

"ወጥተዋል።"

"በይ ጠይቂኝ። አንዴ ነው የምመልሰው። ደግሜ አልናገረውም።"

ነርሷ ጠየቀች። ደልፊያ የገበያ ዝርዝር እንደሚያነብ ሰው መለሰች። ገንዳ ውስጥ ከፀደይ ጀምሮ አልገባሁም፣ ትዋይላ ናት የምታጥበኝ። ቁልፍ መቆለፍ አልችልም። ደረጃ አልወጣም። ይኼን ሁሉ አውቀዋለሁ፤ በጣቶቼ እየቆጠርኩ፣ ሦስት፣ በርቺ እያልኩ በልቤ አጨበጭብ ነበር።

"ሽንትስ?"

ወንበሯ ሲንቋቋ ተሰማኝ።

"ከጸሎት ቤት የቀረሁት ለዚያ ነው" አለች። "ለልጅቷ የሰባኪው ስብከት ረዘመብኝ ብያታለሁ። ወንበሩን አርጥቤው ነው። ሰው ሁሉ ወጥቶ እስኪያልቅ ተቀምጬ ቆየሁ።"

እኔ ያንን ሰባኪ አንድ ዓመት ሙሉ አምቼዋለሁ። ምላሱ ረጅም ነው እያልኩ።

"ምግብ ያለ እርዳታ ይበላሉ?"

"ከቀረበልኝ እበላለሁ። ልጅቷ ምሳዬን ክዳን ባለው ዕቃ አድርጋ ነው ፍሪጅ የምታስቀምጥልኝ። ክዳኑን መክፈት አልችልም። ፖስታ አመላላሹ ከመጣ ይከፍትልኛል። ካልመጣ አልበላም።"

"ሲመለሱስ ምን ይሏቸዋል?"

"ቁርሱ አጥግቦኝ ነው እላታለሁ። ትቆጣኛለች፣ ያበሰልኩትን ናቅሽ ብላ። የወደቅሁ ቀንም እሱን ክዳን ነው ስታገል የነበርኩት። ደረቴ ላይ አስደግፌ ስስበው ነው የወደቅሁት። ወለሉ ደረቅ ነበር።"

ያን ቀን ወለሉ ላይ ሳገኛት ዕቃው እግሯ ሥር ነበር፣ ክዳኑ እንደተገጠመ። አንስቼ ፍሪጅ ውስጥ መለስኩት። እሱን አንስቼ መልሼ፣ ከዚያ ነው አምቡላንስ የጠራሁት።

"ለምን አልነገሯቸውም?" አለች ነርሷ።

"ደክማ ነው የምትመጣው። ስልሳ ልጅ ሲጮህባት ውላ። እንዴት ነሽ ስትለኝ ደህና ነኝ ስላት፣ ፊቷ ይፈታል። አየዋለሁ። አንቺ ብትሆኚ ምን ትያት ነበር?"

ነርሷ ምን እንደመለሰች አልሰማሁም። ነርሷን ስረግም፣ ቢሮውን ስረግም፣ ደንቡን ስረግም፣ ይቺን ግትር አሮጊት ስረግም ወራት አልፈዋል። ደልፊያ የምትደብቀው ከመንግሥት ብቻ ይመስለኝ ነበር። በቀን ሁለት ጊዜ በዚያ በር የምገባው እኔም አንድ እንግዳ ነበርኩ። አፈርኩ፤ ሌላ ቃል የለኝም።

ነርሷ ስትወጣ "ከአምስት በላይ ነው" አለችኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። ስገባ አክስቴ አቀርቅራ የጠረጴዛውን ልብስ ጠርዝ ታስተካክላለች። "ሰማሽ?" አለችኝ። "ምኑን?" አልኳት። እየዋሸሁ መሆኔን ለማወቅ ቀና ብላ አየችኝ፣ ግን አልጠየቀችኝም።

አርብ ደውለው ተፈቅዷል አሉ። ደብዳቤው በኋላ መጣ። በሳምንት ሃያ አራት ሰዓት። ሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ፣ በትንንሽ ፊደል፣ ግምገማው በየዓመቱ እንደሚደገም ተጽፏል። ሰማንያ ስድስት ዓመት የሆናት ሴት ሰማንያ ሰባት ሲሞላት ታገግማለች ብለው ይሆን? ጉልበቷ ይመለሳል ብለው ይሆን? አንዴ ነው የምመልሰው፣ ደግሜ አልናገረውም ያለችውን ሴት በየዓመቱ እያስቀመጡ ሽንትስ ሊሏት ነው። ይኼን ደንብ የጻፈውን ሰው ባገኘው የምለው ብዙ ነው፤ አብዛኛውን እዚህ አልጽፈውም። ለአክስቴ ሁለተኛውን ገጽ አላነበብኩላትም።

ሰኞ ወደ አውቶቡሴ ተመለስኩ። ጠዋት የምትመጣላት ሴትዮ ጎበዝ ናት፣ ደልፊያም "እንግዳዬ" እያለች ትጠራታለች፣ ይኼ ያሰጋኛል። እሁድ እሁድ ግን ሴትዮዋ አትመጣም፤ የእኔ ተራ ነው። ከመጀመሪያው እሁድ በፊት ባለው ቅዳሜ፣ ቤቴ ያሉትን ክዳን ያላቸውን ዕቃዎች በሙሉ ሰብስቤ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኳቸው። አሥራ አንድ ነበሩ።

እሁድ ባቄላና የበቆሎ ዳቦ በሳህን ይዤላት ሄድኩ። ላዩን በጨርቅ ነው የሸፈንኩት፤ መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፣ ግማሹ መኪናዬ ውስጥ ፈሰሰ። ፊት ለፊቷ አስቀመጥኩት።

"ዕቃዎችሽ የት ሄዱ?" አለችኝ።

"ጠፉብኝ።"

"ሁሉም?"

"ሁሉም።"

ትኩር ብላ አየችኝ። በረንዳው ጥግ ቆሜ እንደነበር ያን ጊዜ አወቀች፤ ፊቷ ላይ ቀስ ብሎ ሲመጣ አየሁት፣ አንገቷ ድረስ ቀላች። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እጇን ዘርግታ ጨርቁን ከሳህኑ ላይ ገለጠችው፣ በአራት አጠፈችው፣ ከጎኗ አስቀመጠችው። ከዚያ በላች።